ዲያጊሌቭን «ነጋዴ» ብሎ ማለፍ አግባብ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ሩሲያዊው የባሌት ቡድን መሪ ስለ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የወጣውን አነበብኩ። ጸሐፊው ራሱ የማይደንስ፣ የማይስል፣ በሰው ሙያ የነገደ ሰው አድርገው አልፈውታል። ለንደን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የመድረክ ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የቡድኑን አልባሳት ለዕይታ ሲያቀርብ ሁለቴ ሄጃለሁ። በ1913 ፓሪስ ውስጥ አዳራሹን በጩኸት ያናወጠው «ፀደይ መሥዋዕት» የተባለው ባሌት ልብስ ፊት ደርቄ ቀረሁ። ንድፉ የሠዓሊው የሮሪክ ነው። ባሌት ሲባል ስስ ጨርቅ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት በእጅ ቀለም የተቀባ ሱፍ ነው። ሱፍ ላብ ሲጠጣ ሸክም ይሆናል። ያን ለብሶ የሚዘል ሰው እግሩ መሬት ይደበድባል እንጂ አይንሳፈፍም፤ ዳንሱን ያቀናበረው ኒጂንስኪም የፈለገው እርምጃ፣ የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪም ሙዚቃ እንዲሁ ነው። ሦስቱን አንድ ቤት ያስገባቸው ዲያጊሌቭ ነው። ስትራቪንስኪን ለ«እሳት ወፍ» ሙዚቃ ሲያዘው እኮ ገና ስሙ ያልተሰማ ወጣት ነበር።

ሌላም ልንገራችሁ። በ1924 ለ«ሰማያዊው ባቡር» የተሠራ መጋረጃ አለ። ፒካሶ በትንሽ ሰሌዳ የሳላቸውን ሁለት የሚሮጡ ሴቶች፣ ሸርቫሺድዜ የተባለ የመድረክ ሠዓሊ ቁመቱ አሥር ሜትር ገደማ በሆነ ሸራ ላይ አሳደጋቸው። ፒካሶ ሲያየው በጣም ስለወደደው የራሱን ፊርማ አኖረበት። ከመጋረጃ ጀርባ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ክብር ነው። የዚያን ባሌት ልብስ ያዘጋጀችው ደግሞ ኮኮ ሻኔል ናት።

ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በ1921 እዚሁ ለንደን «የተኛችው ልዕልት»ን ሠዓሊው ባክስት በነደፋቸው ውድ አልባሳት አሳይቶ አይከስርም ነበር። ገቢው ወጪውን መሸፈን ሲያቅተው ትርዒቱ ያለጊዜው ተዘጋ፤ የመድረኩ ጌጥም ልብሱም በዕዳ ተያዘበት። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ከእሱ ጋር ከደነሱት አንዷ ኒኔት ደ ቫልዋ ዛሬ ሮያል ባሌት የሚባለውን መሠረተች፤ የመጨረሻዎቹን ሥራዎቹን ዳንስ ያቀናበረለት ባላንቺን ኒው ዮርክ ሄዶ የአሜሪካን ባሌት ተከለ።

በ1929 ቬኒስ ላይ ሲሞት የቀብሩን ወጪ የከፈሉለት ወዳጆቹ ሻኔልና ሚሲያ ሰርት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድረክ ልብስ ሰፊ፣ ለንደን