ቅጠሉና ውሃው የሚገናኙበት ሳምንት

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍረኛል። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ኋላ ደግሞ በቆየሁ ቁጥር መደወሉ እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ፏፏቴ ነው። ከሲያትል በስተምሥራቅ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ስትሄድ ስኖኳልሚ የሚባል ፏፏቴ ታገኛለህ። ቁመቱ 82 ሜትር ነው። የጢስ ዓባይን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ በስፋት ግን አይደርስበትም። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። ለነባሮቹ ለስኖኳልሚ ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ነው። ከፏፏቴው የሚነሳው ጢስ ጸሎታችንን ወደ ሰማይ ያደርሳል ይላሉ። ይህን ስሰማ ጸበል ትዝ አለኝ።

ሦስት ዓመት በተከታታይ በመጸው እየሄድኩ፣ ሁሉም የሚያነሳውን ፎቶ አንስቼ ተመልሻለሁ። ዘንድሮ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህ ቅጠሉና ውሃው አይገጣጠሙም። የሜፕል ዛፍ ቢጫ ሲለብስ፣ በጋ ያከሳው ወንዝ ገና ቀጭን ነው። በዚያ ላይ ከ1899 ጀምሮ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል። ጢስ ዓባይን አስታወሰህ አይደል? ዝናቡ መጥቶ ፏፏቴው ሲያገሳ ደግሞ ቅጠሉ ረግፏል። ሁለቱን አንድ ላይ የምታገኘው ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። እኛ ጋ እኮ ሙሉ ውሃውም አደይ አበባውም መስከረም ላይ አብረው ይመጣሉ! ስንቴ አይተን እንዳላየ አለፍነው።

ዘንድሮ ያቺን ሳምንት ጠበቅኳት። ሁለት ቀን ሲዘንብ ከርሞ፣ ሰማዩ እንደደመነ፣ ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ። ደመናው በጀኝ። ፀሐይ ካለች ውሃው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ታች ባለው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ትራይፖዴን ተከልኩና ሸተሩን፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ለግማሽ ሰከንድ ከፈትኩት። ውሃው እንደ ባዘቶ ለሰለሰ። ግን ሰው ባለፈ ቁጥር እንጨቱ ይርገበገባል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። ኮቴ እስኪርቅ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። ጢሱ ሌንሱን ያረጥበዋል። ጠርጌ አነሳለሁ፣ ደግሞ እጠርጋለሁ። ቀስ አድርጌ ፖላራይዘሩን፣ ነጸብራቅ የሚያጠፋውን የሌንስ ማጣሪያ፣ ሳዞረው፣ እርጥቡ ቅጠል ላይ የነበረው ነጸብራቅ ጠፋና ቢጫው ከውስጥ ብቅ አለ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። በተውሶ ካሜራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የድንጋዩን ድልድይ ተሻግረን ጢስ ዓባይ የሄድንበት ቀን። ካሜራው እንዳይረጥብ ጋቢህን ዘርግተህ እጅህ እስኪዝል ቆመህ ነበር። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ፏፏቴው የለም፤ ነጭ ብቻ። ደህና የወጣችው አንዷ ብቻ ነበረች፦ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመች አደይ፣ ጫፏ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ። በቀትር እንኳ ያቺ ወጣች። አንተ ነህ ጎንበስ ብለህ ያነሳሃት። እኔ ትልቁን ስከተል ነበር።

ከዘንድሮው አምስት ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አንተ ደግሞ ያቺን አደይ ፈልግልኝ። ካልጠፋች በስልክህ አንስተህ ላካት። አሳትሜ ከሜፕሉ ጎን እሰቅላታለሁ። ቁጥርህ ካልተቀየረ እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ።

ወንድምህ