ከአሮጌ ፎርዶች መሀል

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደኅና ናቸው? ድምፄ የጠፋው ረስቼህ አይደለም። የዚህ አገር ኑሮ ሥራና እንቅልፍ ነው፣ መሀል ላይ ቀኑ ያልቃል። ቅዳሜ ግን ካንተ በቀር ለማንም ባወራው የማይጥም ነገር አየሁና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

በየዓመቱ የምሄድበትን የሆት ሮድ፣ የተለወጡ አሮጌ መኪኖች ትርዒት ታስታውሳለህ አይደል? ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለውን። የድሮ ፎርድ ይወስዱና ፓራፋንጎውን ያወልቁለታል፣ ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፣ ትልቅ ሞተር ይገጥሙለታል። ድሮ በጠዋት ካልደረስክ መኪና ማቆሚያ የለም ነበር። ዘንድሮ አርፍጄ ሄጄ በሩ ሥር አቆምኩ። ግቢው ግማሹ ባዶ። ሀምበርገር ሻጩ እንኳ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል። ባለመኪኖቹ ሸምግለዋል። ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይጫወታሉ።

አንድ ሽማግሌ ዘንድ ብዙ ቆየሁ። መኪናቸው የ1932 ፎርድ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለተራ ሰው በሚቀመስ ዋጋ ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። 65 የፈረስ ጉልበት! ዛሬ ያስቃል፣ ያኔ ጉድ ነበር። የካሊፎርኒያ ጎረምሶች ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በደረቀ የሐይቅ ሜዳ ላይ የድሮ መኪና ያሽቀዳድሙ ነበር። ከጦርነቱ ሲመለሱማ ባሰባቸው።

ሽማግሌው ኮፈኑን ከፈቱልኝ። ፎርዱ ሆድ ውስጥ የተፎካካሪው የሸቭሮሌት 350 ሞተር ተቀምጧል። ሳቄ መጣ። ላንድሮቨር ላይ የቶዮታ ሞተር ስንገጥም የጋራዡ አለቃችን «እነዚህ ሁለቱ ይናከሳሉ» ያሉት ትዝ አለኝ። ቀጥለው በሩን ከፍተው ጣሪያው የተቆረጠበትን ቦታ ከውስጥ በኩል አሳዩኝ። ከውጭ ቀለሙ መስታወት ነው፣ ፊትህን ታይበታለህ። ከውስጥ ግን ብየዳው ጎርበጥ ጎርበጥ እንዳለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላሜራውን በስቶታል። በልጅነታቸው፣ አባታቸው ጓሮ ራሳቸው የበየዱት ነው። «አስቀያሚ ነው፣ ግን አላስነካውም» አሉኝ።

እዚያው ቆመን ሳለ አንድ ትንሽ ልጅ መጣና አጠገባችን የቆመውን መኪና ቸርኬ በጣቱ ነካ አደረገ። ባለቤቱ ጮኸበት። መስታወቱ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ልጁ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ እናቱ ሄደ።

እኔን ብትጠይቀኝ ትርዒቱን የገደለው ይኼ ነው። እነሱ ሌላ ሌላ ይላሉ፤ ኑሮ ተወደደ፣ ልጆች ስልክ ላይ ተጣዱ። ውሸት አይደለም። ጋራዥ ያለው ቤት መከራየት ለወጣት የሕልም እንጀራ ነው። ግን ወጣቱ መኪና መች ጠላ? እኛ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ በሆንዳና በኒሳን ጆሯችንን ይበጥሱታል። ሆት ሮድም ሲጀመር የችስታ ልጅ ሥራ ነበር። ከወዳደቀ መኪና የለቀመውን ነው የሚገጣጥመው። አሁን ገመድ ተከለለበት። እኛን አለቃችን መጀመሪያ ቀን ነው ማርሚታ ሥር አስተኝተው ቁልፍ ያስያዙን፣ ያውም የደንበኛ መኪና!

መንግሥትማ አልነካቸውም። እዚህ ካሊፎርኒያ በፈረንጅ እስከ 1975 የተሠራ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አይጠየቅም። እናንተ ጋ ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም አይደል? ሱማሌ ተራ እንዴት ሆነ? አዲስ ካልመጣ ያለው መጠገኑ አይቀርምና ሥራ ሳይበዛልህ አልቀረም። ወይስ አንተም ባትሪ መማር ጀመርክ? ንገረኝ።

ዋናውን ሳልረሳ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ዘንድ የሶሌክስ ካርቡራተር መጠገኛ አየሁ፣ ካሽጉ ያልተፈታ። የቮልስህ ሞተር 1200 ይሁን 1300 ጠፋኝና ሳልገዛ ቀረሁ፤ የሰውዬውን ስልክ ግን ይዣለሁ። ቮልሱን አልሸጥከውም መቼም! የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት በታች ነው ያለው፣ በጋዝ ጠረግ ካደረግከው ይነበባል። ለገና የሚመጣ ሰው አለ፣ አሲዤልህ እልካለሁ።

ያንተው