ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ፦ ከአዲስ ዕቃ ግዢ በፊት

ለትምህርት ሚኒስቴር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ኮርስና ፈተና ላይ ወጥ የአሠራር መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ከሚኒስቴሩ በር ተነስቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት፣ የአምስትና የስድስት ኪሎ ግቢዎች በኩል ያልፋል። በእንዲህ ያሉ ግቢዎች ኮርስና ፈተና በኦንላይን ለመስጠት የሚያገለግለው ሙድል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ ተማሪውም ስልክ አለው። ይህም ሆኖ ብዙ ሃንድአውት ዛሬም የሚላከው በቴሌግራም ነው። ምክንያቱ የመምህራን ስንፍና አይደለም። ሙድል የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ፣ ካልተነካ በስተቀር፣ ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። በስልክ ፎቶ ተነስቶ የተላከ አሳይመንት ይመለሳል፤ ተማሪው አንዴ ከተመለሰበት ደግሞ ወደዚያ ሲስተም አይዞርም። ቁጥሩን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የጎደለው፣ ቀይር የተባለ ሰው ነው።

ትምህርቱ ራሱ መቅለል አለበት። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የተቀዳ የ50 ደቂቃ ቪዲዮ 375 ሜጋባይት ይሆናል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ሲቀዳ፣ 12 ሜጋባይት ነው። ድምፁና የስላይዱ ፒዲኤፍ አንድ ላይ ቢጫኑ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ አውርዶ ዶርሙ ውስጥ ያለ ዳታ ይማራል። ቪዲዮ ለላብ ሙከራና ለሥዕላዊ ማብራሪያ ይቆይ።

ከሁሉ የሚያሳስበን ፈተናው ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ተማሪው ከዚያ በፊት በየሴሚስተሩ ሊለማመደው ይገባል። እዚህ ላይ ትልቁ ወጥመድ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ያሰበ መምህር ሙድል ላይ 3:00 ብሎ ከሞላ ፈተናው ሌሊት 9 ሰዓት ይከፈታል፤ 2 ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ከሆነም ጎህ ሳይቀድ ይዘጋል። መሞላት የነበረበት 9:00 ነው። እሱም ቢሆን ሲስተሙ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በግሪንዊች ሰዓት ከተተወ ፈተናው 6 ሰዓት ቀትር ላይ ነው የሚከፈተው። መመሪያው ሰዓቱ ወደ አዲስ አበባ እንዲስተካከል ይዘዝ፤ ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሌላ ሰው በተማሪ አካውንት ገብቶ ይፈትሽ።

መብራት ሲጠፋስ? ሙድል መልሶችን በየደቂቃው ያስቀምጣል፤ ተማሪው በሌላ ኮምፒውተር ገብቶ መቀጠል ይችላል። ሰዓቱ ግን አይቆምም፤ ፈታኙ ለዚያ ተማሪ ብቻ ተጨማሪ ደቂቃ የሚሰጥበትን መንገድ መሠልጠን አለበት። በየላቡ የሚታየው ሌላ ችግር ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሆነው፣ እነሱን በኔትወርክ የሚያገናኘው ስዊች ከግድግዳ መሰኪያ መብራት መውሰዱ ነው። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ በርቶ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ለዩፒኤስ የወጣው ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከስማርት ቦርድ (ዲጂታል ሰሌዳ) ጨረታ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሥራ የማይደረብበት የሙድል አስተዳዳሪ እንዲመደብ ነው። ዳታቤዙንም የተጫኑ ፋይሎችንም በየሌሊቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያድርግ (አንዱ ብቻ ከተቀመጠ ኮርሱ ሙሉ ሆኖ አይመለስም)። በየሴሚስተሩም አንድ ኮርስ ከባክአፑ መልሶ በማሳየት ዲኑን ያስፈርም።

ከሰላምታ ጋር
በዩኒቨርሲቲ የኢ-ለርኒንግ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች