ጉዳዩ፦ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ስለተላከልኝ ፊልም

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ። የትእዛዜ ዝርዝር እናንተው ጋ ስላለ ከሀ አልጀምርም። ይህን የምጽፈው ዓርብ ዕለት በስልክ ስለተባልኩት ነገር ነው።

ያዘዝኩት የእንግሊዙ ፊልም ሠሪ ሃመር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣውን «ዘ ዴቪል ሺፕ ፓይሬትስ» ነው። ከመክፈሌ በፊት ሠራተኛችሁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ «ምስሉ ሙሉ ስፋቱን የጠበቀ ነው ወይ?» «አዎ ጋሼ፣ ራሴ አይቼዋለሁ፣ ምንም አልተቆረጠም» አለኝ። ቃሉን አምኜ ከፈልኩ። የመጣው ግን ለድሮ ቴሌቪዥን ተብሎ የተቆረጠ ቅጂ ነው። የፊልሙ ስፋት ከቁመቱ 2 እጥፍ ይበልጣል። በላካችሁልኝ ዲስክ ላይ 40 በመቶ ያህሉ የለም። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ከነአካቴው ይጠፋል። ሰይፍ ሲማዘዙ ስለቱ ይታያል፣ የያዘው ሰው አይታይም።

ይህን ላስረዳ ስደውል ያው ልጅ አነሳው። አላስጨረሰኝም። «ጋሼ፣ የድሮ ርካሽ ፊልም እኮ ነው፣ ምን ጠብቀው ነው?» ብሎ ዘጋብኝ።

በትንሽ ገንዘብ መሠራቱን እኔም አውቃለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች በዚያችው ገንዘብ ሙሉ መርከብ አሠርተው ውሃ ላይ አቁመዋል። በቀረጻው መሃል ተገልብጦባቸዋል፤ እንደገና አንስተው ጨርሰውታል። ታሪኩም ቢሆን ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1588 የስፔን ጦር መርከቦች ሲሸነፉ አንዷ ተጎድታ እንግሊዝ ዳርቻ ትደበቃለች። ካፒቴኑ፣ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ነው፣ የመንደሩን ሰው «ስፔን አሸንፋለች» ብሎ ያሳምናል። እኔ የከፈልኩት ያቺን መርከብ ለማየት ነው። በእናንተ ቅጂ ፊቷ ከታየ ኋላዋ የለም።

በኮሚኒቲያችን የፊልም ምሽት ለወጣቶቹ ላሳየው ቃል ገብቼ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?

ከዚህ በፊት ሽፋኑ የተሰነጠቀ ዲስክ ስትልኩልኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሌላው በጀርመንኛ ብቻ የሚናገር ሆኖ መጣ፤ ዛሬ ነገ እያላችሁ ገንዘቡን ውሃ በላው። የመላኪያ ሂሳብም ሁለቴ ቆርጣችሁብኛል።

ስለዚህ ትክክለኛው ቅጂ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካልሆነ ገንዘቤን በሙሉ መልሱ፣ የጀርመንኛውንም ጨምሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው እንደተነገረለት ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልሼ ገንዘቤን እንድወስድ ይፈቅድልኛል። ቀኑ ገና አላለፈም። ልጁም ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

የተቆረጠውን ዲስክ መጥታችሁ ውሰዱ። ለፖስታ አልከፍልም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ