በመጪው ስብሰባ ስለምናየው የቼክ ቤተሰባዊ ኮሜዲ

የተከበራችሁ የፊልም ቡድናችን አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን በማሪዬ ፖሌድኛኮቫ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1982 በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራውን «ካንቺ ጋር ዓለም ደስ ይለኛል» የተሰኘ ፊልም እንደምንመለከት በአክብሮት እናሳውቃለን። ሦስት ጓደኛሞች በየዓመቱ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ቤት ትተው ተራራ ላይ ባለች ጎጆ ማረፍ ልማዳቸው ነው፤ በዚህኛው የበረዶ ወቅት ግን ሚስቶቻቸው ልጆቹን ይዘው እንዲሄዱ ስላስገደዷቸው፣ የዕረፍቱ ጊዜ ልጆችን በማብላት፣ በማልበስና በማስተኛት ያልፋል።

በዚያ ዘመን ወደ ምዕራብ አገሮች መጓዝ በእጅጉ የተገደበ ስለነበር፣ የብዙ ቤተሰብ ዕረፍት በአገር ውስጥ እንዲህ ባሉ ጎጆዎች ያልፍ ነበር። ስለዚህ «ያለ እኔ ለምን ይሄዳል?» የሚለው የሚስት ጥያቄ ተራ ቅናት ሳይሆን የቤት ሥራና የዕረፍት ክፍፍል ጥያቄ ነው፤ የፊልሙም ትልቁ ብርታት፣ በእኛ እምነት፣ ባሎቹን ክፉ ሳያደርግ ይህን በግልጽ ማሳየቱ ነው። በተለይ የስሎቫኩን ተዋናይ የዩሊዩስ ሳቲንስኪን አጨዋወት በጥሞና እንድትከታተሉ እንጠይቃለን።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ንግግሩ በቼክ ቋንቋ በመሆኑ ታሪኩን አስቀድመን በአጭሩ እናስረዳለን።