አክስቴና የቀረው ሻንጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ማክሰኞ አክስቴ ከሐረር ወርዳ በ8 ሰዓቱ በረራ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አንዱ ሻንጣዋ ግን ቀረ። የኮንተሩ ልጅ «ሙቀቱ ስለጠና ጭነት ቀንሰናል» ብሏታል። «ሙቀትና ሻንጣ ምን አገናኛቸው? ውሸታም!» ብላ በስልክ ጮኸችብኝ። ቡናው፣ ቆሎው፣ ለልጅ ልጇ የሰፋችው ሙዳይ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ልጁ አልዋሸም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

አውሮፕላንን የሚያነሳው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከፍታ ላይም እንደዚሁ። ድሬ ሁለቱም አለባት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ናት። በአቪዬሽን ስሌት በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ግድም ነው። ሰባት ዲግሪ፣ ድሬ! ጋቢ ከየት ይመጣል? ያን ቀን በረንዳዬ ጥላ ሥር ያለው ቴርሞሜትር 35 ይል ነበር። በ35 ዲግሪ የድሬ አየር ስሌቱ 2,200 ሜትር ግድም ላይ ከሚያስቀምጠው አየር እኩል ይሳሳል።

ሰው የማያስተውለው ፍጥነቱን ነው። የአብራሪው የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው አውሮፕላኑ ሲሮጥ ከፊት የሚመጣው አየር የሚያሳድረውን ግፊት ነው። ስለዚህ ክብደቱ እኩል ከሆነ ለመነሳት የሚጠብቀው ቁጥር እዚህም ጂቡቲም ያው ነው። መሬት ላይ የጎማው ፍጥነት ግን ይለያል፤ ስስ አየር ያንኑ ግፊት የሚያሳድረው ይበልጥ ሲሮጡ ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሳ አውሮፕላን፣ በዚያ ቀን ድሬ ላይ 220 ገደማ መሮጥ አለበት። ሞተሩም ስስ አየር ስቦ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ደግሞ አይለጠጥም። የቀረው ጭነት ማቅለል ነው።

ይህን ስነግራት «እንግዲያው ኤርፖርቱን ሐረር ይሥሩት! ቀዝቃዛ ነው፣ ለሰማይም ይቀርባል» አለች። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 24 ዲግሪ ብትሆን እንኳ አየሯ ከድሬ የ35 ዲግሪ አየር ይሳሳል። አልሰማችኝም። የሐረር ሰው በሐረር አየር አይደራደርም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ትኬት ሲቆረጥ «እማማ፣ ዕቃ ከበዛ የጠዋቱን ይያዙ» የሚላት ሰው ጠፋ? ጠዋት አየሩ ቀዝቅዞ ይወፍራል፣ አውሮፕላኑም ይሸከማል። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ሻንጣው በማግስቱ በጠዋት በረራ ደርሷል። ሙዳዩ ደህና ነው። ቆሎው ግን ጎድሏል። ይህን በፊዚክስ ማስረዳት አልቻልኩም።

ጡረተኛ መምህር፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ