ሲቪል ነው የምመርጠው

እንዴት ነሽ የኔ እህት፣

ጠፋን አይደል? ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የምጽፍልሽ ወሬ ስላለኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ከአንቺ ሌላ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው የለም።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ልማር ነው፣ የሕንፃና የድልድይ ሙያ። ወስኛለሁ። አሁን ዓይንሽን ስታጉረጠርጪ ይታየኛል፤ "አንቺ? ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የሚያቅትሽ?" ትያለሽ። አዎ፣ እኔ። መስመሩን ኮምፒውተር ያሰምረዋል።

ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጅ ሆኜ ሬዲዮ እፈታታ እንደነበር እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ሬዲዮ ፈትቼ አላውቅም። በሒሳብም ቢሆን ከክፍሉ አንደኛ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። እኔን የያዘኝ የወደቀ ነገር ነው።

አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ ሆቴል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩት፣ አንዱ በሁለተኛው ፎቅ፣ ሌላው ልክ በላዩ በአራተኛው ፎቅ ከፍታ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1981 ታች ሰው እየጨፈረ ሳለ ሁለቱም አንድ ላይ ወደቁ። 114 ሰው ሞተ። ይሄን የሰማ ሰው ብረቱ ቀጥኖ ነው ወይ ሰው በዝቶበት ነው ይላል። ጉዳዩ ግን አንድ መገጣጠሚያ ላይ ነው ያለው። በመጀመሪያው ንድፍ ዘንጉ ከጣሪያ ወርዶ ሁለቱንም ድልድዮች አንድ ወጥ ሆኖ ይይዛል። እንደዚያ ባለ ረጅም ዘንግ ላይ ጥርስ አውጥቶ መሃል ላይ ዳዶ ማሰር ስለሚያስቸግር ለሁለት ይከፈል ተባለ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ ላይኛው ድልድይ፣ ሌላው ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው። ወረቀት ላይ ስታዪው ያው ነው የሚመስለው።

አሁን እኔና አንቺ አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለናል በይ። ሁለታችንም ገመዱን ይዘናል። ከዚያ እኔ ገመዱን ለቅቄ እግርሽን ያዝኩ። ገመዱ የተሸከመው ያው የሁለታችንን ክብደት ነው። እጅሽ ግን? የላይኛው ድልድይ ዳዶ ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ ጭነቱ እጥፍ ሆነበት። ለውጡን ማንም ቁጭ ብሎ ሳያሰላው ጸደቀ። ጭራሽ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ሕጉ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚችለው።

በጣም ያናደደኝ ስሌቱ ቀላል መሆኑ ነው። እኔና አንቺ እናውቀዋለን! ኃይሎችን በቀስት መሳልና መደመር ነው፣ ያ እያዛጋን የተማርነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወጣ፣ ድልድይ ሳይ፣ ምን በምን ላይ እንደተያዘ ነው የማየው። ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ሰልችቶኛል ብሏል።

እስኪ አንድ ነገር ሞክሪ። ፕላስቲክ ማስመሪያሽን በጠፍጣፋው በኩል ሁለት መጽሐፍ ላይ አጋድመሽ መሃሉን ተጫኚው። ይጎብጣል። አሁን በጠርዙ አቁሚው። ፍንክች አይልም። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው። የአንድ አግዳሚ ግትርነት፣ ማለትም አልጎብጥም ባይነቱ፣ በቁመቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው፤ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጊው 8 እጥፍ ግትር ይሆናል። 30 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማስመሪያ በጠርዙ ሲቆም 100 እጥፍ ግትር ነው። የሕንፃ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚው) ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ይሄን መጽሐፍ ላይ ባነብ ኖሮ ለፈተና ሸምድጄ እረሳው ነበር፣ እጄ ላይ ሳየው ግን ጮህኩ።

አባቴ ሲቪል ምን ያደርግልሻል፣ ዘመኑ የሶፍትዌር ነው ይላል። ተሳስቷል አልልም። ሶፍትዌር ጥሩ ነው፣ ግን ልቤ እዚያ የለም። አክስቴ ደግሞ የሴት ሥራ አይደለም አለችኝ፣ በዚህ ዘመን! ኒው ዮርክ ያለው የብሩክሊን ድልድይ ዋና ኢንጂነር ሲታመምና ከቤት መውጣት ሲያቅተው ትእዛዙን ወደ ሥራው ቦታ እያደረሰች፣ ሒሳቡንና የቁሳቁስ ጥንካሬን ራሷ አጥንታ ሥራውን ለዓመታት ያስኬደችው ሚስቱ ኤሚሊ ሮብሊንግ ናት። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1883 ተመረቀ፣ እስከ ዛሬም መኪና ይሄድበታል። ለአክስቴ ነገርኳት። "እሷማ ባሏን ብላ ነው" አለችኝ። ምን ትያታለሽ።

ፍርሃቱ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ካልኩለስ ገና ከአሁኑ እያንገዳገደኝ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ዩኒት የረሳ ሰው ላይ ነጥብ ይቀንሳል፣ እኔ ላይ በተለይ። ድሮ ግፍ ነው እል ነበር። ግን ናሳ ወደ ማርስ የላካትን መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 ያጣው አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ ነው። አሁን መምህሩን ዝም ብዬዋለሁ።

ስለ አንቺ ምንም አላውቅም፣ እሱ ነው የከነከነኝ። አሁንም ሕክምና ነሽ? ወይስ ሐሳብሽን ቀየርሽ? የቀየርሽ እንደሆነ እንዳትደብቂኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ቸግሮኛል። ከቀጫጭን እንጨትና ከሙጫ ትንሽ ድልድይ እየሠራሁ ነው፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የተገጣጠመ። መጽሐፍ ስደረድርበት እንጨቱ ምንም አይሆንም፣ ሙጫው ነው የሚለቀው፣ ሁሌም በዚያው በጫፉ መጋጠሚያ። ከእንጨቶቹ የትኛው እንደሚሳብ፣ የትኛው እንደሚጨመቅ ለይቼ ላሰላ ብዬ ሁለት ገጽ ሞላሁ፣ መልሱ ግን አይገጥምልኝም። በቬክተር አንቺ ሁሌም ትበልጪኛለሽ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ በእርሳስ ነው፣ መስመሩ ጠማማ ስለሆነ እንዳትስቂ። ከግራው ድጋፍ ጀምረሽ እይልኝና የቱ ጋ ምልክት እንዳገላበጥኩ ጻፊልኝ።

ያንቺው